ግምት ውስጥ ያልገባው ወይራ

የተልባ ዘይት ጠርሙስ ስከፍት መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሥዕል አይደለም፤ የእናቴ ማድ ቤት ነው። ጾም ሲገባ ተልባ በምጣድ ትቆላለች። ፍሬዋ ምጣዱ ላይ እየዘለለች ትንጣጣለች፤ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ለውዝም ሰሊጥም አይደለም፣ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ የወሰደ ነው። ከዚያ ትወቀጣለች፣ ትነፋለች፣ በውሃ ትበጠበጣለች፤ እንጀራ ይፈተፈትባትና «ብሉ፣ አንጀት ታርሳለች» ይባላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ፒያሳ ውስጥ ከአንዲት የሥዕል ዕቃ መሸጫ በባዕድ ፊደል የተጻፈባት ትንሽ ጠርሙስ ገዝቼ ክዳኗን ስከፍት፣ ሱቁ መሐል ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለሱቁ ምን እንዳሳቀኝ አልገባውም። ዋጋውን ሲነግረኝ ደግሞ ሳቁ ጠፋብኝ፤ በዚያ ገንዘብ እናቴ ለዐቢይ ጾምም ለፍልሰታም የሚበቃ ተልባ ሸምታ መልስ ትቀበል ነበር።

የዘይት ቀለም የሚሠራው በዚሁ ነው። የተፈጨው ቀለም ከተልባ ዘይት ጋር ይታሻል፤ ሸራው ላይ ሲቀባ ደግሞ እንደ ውሃ ተኖ አይደርቅም፣ ከአየሩ ኦክስጅን እየጠጣ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ላይ ላዩ በቀናት ቆዳ ይዞ ውስጡ ለወራት እርጥብ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳላውቅ ነው ያደግሁት፤ ሽታውን ግን አውቀዋለሁ።

አያቴ የምትኖረው አርሲ፣ ከአሰላ ወጣ ብሎ ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ የተልባ ማሳዋ ሰማያዊ ያብባል። ደማቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ዓይነት ሰማያዊ ነው። አበባው ጠዋት ይፈካል፣ ፀሐይ መሐል ሰማይ ሳትደርስ ይረግፋል፤ በነጋታው ሌላ ይፈካል። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች እንቅልፋችንን ጠግበን፣ ቁርሳችንን በልተን፣ ፊታችንን ተገድደን ታጥበን ስንወጣ ማሳው አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ይጠብቀናል። «ሰማያዊ ነው ያልሽው የታለ?» እንላታለን።

«እሱማ ሥራውን ጨርሶ ገባ» ትለናለች።

እኔ ግን ያደግሁት ሥራ የሚጀመርበት ሰዓት በጣት አሻራ በሚመዘገብበት፣ የሚያልቅበትን ሰዓት ግን ማንም በማያውቀው መሥሪያ ቤት ነው ብል ይቀላል። ከዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ ባንክ ገባሁ፤ ከካውንተር ተነሥቼ ዋናው መሥሪያ ቤት ብድር ክፍል ደረስኩ። የባንኩን ስም አልጠራም። ክፉ ስላደረገብኝ አይደለም፣ ሰው ያሳደገውን ቤት ስም በየወሬው ማንሣት ስለማይወድ ነው።

ትተው የወጡትን ሥራ በጨለማ መሳል የተለመደ ነው። «ከአራት ግድግዳ ወጣሁ፣ ነፃነት አገኘሁ» ይባላል። እኔም ሰው ሲጠይቀኝ ይህንኑ ብል ደስ እንደሚለው አያለሁ፤ ጋዜጠኛ ከሆነማ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ትዝታዬ ግን እሺ አይለኝም። የብድር ክፍሉ መስኮት ወደ እንጦጦ ነበር። ከወንበሬ ሳልነሣ ጋራው በመስከረም ጥቁር አረንጓዴ፣ በጥር ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አመድማ፣ በመጋቢት አቧራ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ የሌለ ሲሆን አያለሁ። ያ ሁሉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው የባሕር ዛፍ ዘር ነው፤ ማገዶ የራባት አዲስ አበባ በእሱ ነው የከረመችው። ርቀት ቀለምን እንዴት እንደሚበላ ያስተማረኝ ያ መስኮት ነው። የማስተማሪያ ክፍያው ደግሞ ወር በወር ለእኔ ይገባልኝ ነበር።

ከሁሉ የሚናፍቀኝ፣ ይገርማል፣ የሰኔ 23 ሌሊት ነው። የባንክ ሰው ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው በዚያ ቀን ስለሆነ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ውስጥ ደግሞ አትሙ አትሙ ነው። የፕሪንተሩ ሙቀት፣ በወረቀት ጽዋ የቀዘቀዘ ማኪያቶ፣ በቡድን የተገዛ ክትፎ፣ ከሂሳብ ክፍል እየደወለ «የእናንተ አልታረቀም» የሚል ድምፅ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ እህትና ወንድም ይሆናል። ከበላዬ የነበረው ኃላፊ፣ ቀን ቀን ሰላምታው ራሱ በማኅተም የተረጋገጠ የሚመስለው ሰው፣ ያን ሌሊት ክራቫቱን ፈትቶ የልጅነት የእረኝነት ዘፈን ያንጎራጉር ነበር። የሚጠብቀው የነበረው ፍየል እንጂ በግ እንዳልሆነ አስረግጦ ይነግረናል፤ በግ ሞኝ ነው፣ ፍየል ግን ቅርንጫፍ መምረጥ ታውቃለች ይላል። የትኛዋን ቅርንጫፍ አስቀድማ እንደምትበላም ይዘረዝራል። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስለ ዕፀዋት ከእኔ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነበር።

እኔ በወረቀት ጀርባ እሥል ነበር። የታተሙ፣ ስሕተት የተገኘባቸው ገጾች ወደ መቁረጫ ማሽን ከመሄዳቸው በፊት እጄ ላይ ያርፋሉ። በካውንተሯ መስኮት የሚታየው ጃካራንዳ፣ የጥበቃው ቤት አጠገብ የበቀለ ግራዋ፣ የስብሰባ አዳራሹ የፕላስቲክ አበባ ሳይቀር። ማታ ማታ አንድ ሠዓሊ በቤቱ ከሚሰጠው ትምህርት ስመለስ እጄ በከሰል ጠቁሮ ስለሚያድር፣ ጠዋት ፋይል ስይዝ ጣቴ ያርፍበታል። «ይቺ ልጅ ሌሊት ከሰል ትቸረችራለች እንዴ?» ተብሎ ተቀልዷል።

ወይራውን ያየሁት በመስክ ሥራ ነው።

አንድ ሰው ቤት አስይዞ ሲበደር ኢንጂነር ሄዶ ንብረቱን ይገምታል፤ የብድር ክፍል ሰውም አብሮ ይሄዳል፣ ቤቱ በርግጥ እንዳለና ሰው በርግጥ እንደሚኖርበት ለማየት። የዚያን ዕለት የሄድነው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወረድ ካለ አሮጌ ግቢ ነበር። መለዋወጫ የሚያስመጣ ልጅ ነው ተበዳሪው፤ ካርታው በእናቱ ስም ነው። ኢንጂነሩ በሜትር ይለካል፣ እኔ እመዘግባለሁ፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የግንብ አጥር፣ የብረት በር። ለእያንዳንዱ ረድፍ አለው። ግቢው መሐል ግንዱ ተጣሞ፣ ተቆልምሞ፣ አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ሊሄድ አስቦ ሐሳቡን የለወጠ የሚመስል ወይራ ቆሟል።

ንፋስ መጣ። የወይራ ቅጠል ፊቱ የሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ጀርባው ግን ወርቅማ ቡኒ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ካዩት በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ንፋሱ ቅጠሉን ሲገለብጠው ዛፉ በሙሉ ካንዱ ጎን እስከ ሌላው ቀለሙን ለወጠ፣ ከዚያ ተመለሰ። እስክሪብቶዬን ይዤ ቆምኩ። ኢንጂነሩ «ስምንት ነጥብ አራት» ይለኛል፣ እኔ አልጻፍኩም።

የተበዳሪው እናት፣ እማማ፣ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ሲያዩን ቆይተው፣ «ወይራዬንስ ስንት አላችሁት?» አሉ።

«እማማ፣ ባንክ ዛፍ አይዝም» አላቸው ኢንጂነሩ፣ በትሕትና ነው።

«አሃ። እኔን ያስያዘ ልጅ፣ ዛፌን ምን አስቀረበት?»

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። የጠላ ጋናቸውን የሚያጥኑት በዚያ ወይራ እንደሆነ፣ አማታቸውም ከሱ ቆርጠው ያጥኑ እንደነበር፣ ቤቱ ሳይሠራ ዛፉ እንደነበረ ነገሩን። ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየ። እኔ የማረጋገጫ ቅጹን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ አንዱን ቅርንጫፍ ሣልኩት፤ ግንዱ ከሚታጠፍበት ጀምሮ፣ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ትይዩ እንደተሰካ፣ ሁለት ሦስቱ ተገልብጠው ጀርባቸውን እንዳሳዩ። ቅጹ ፋይል ውስጥ ገባ። ያዘጋጀው ፈረመ፣ ያረጋገጠው ፈረመ፣ ኮሚቴው አጸደቀ። ወረቀቱን ገልብጦ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ብድሩ ተለቀቀ፣ ፋይሉ መዝገብ ቤት ወረደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወዲያው ሥራ አልለቀቅሁም። ይህም የታሪኩ ውበት እንዳይበላሽ ሲባል ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል ነው። ዓመታት ናቸው የተቆጠሩት። የያዘኝ ፍርሃት አልነበረም፣ የሠራተኛ ብድር ነበር። የባንክ ሠራተኛ ቤት ሲገዛ ከደንበኛ በጣም ባነሰ ወለድ ይበደራል፤ ሥራውን በለቀቀ ማግሥት ግን ወለዱ ወደ ገበያው ዋጋ ይወጣል። ስንት ባልደረባዬ «እኔኮ ወጥቼ የራሴን እጀምር ነበር» ብሎ በዚያች ልዩነት ታስሮ እንደቀረ አውቃለሁ። በተረፈኝ ሰዓት ሁሉ ስሌቱን በኤክሴል እሠራ ነበር፤ በዚህ ዓመት ብወጣ ወር በወር ይህን ያህል፣ በሚቀጥለው ዓመት ብወጣ ይህን ያህል። ሰንጠረዡን የሰየምኩት «ሌሎች» ብዬ ነው፣ ማንም እንዳይከፍተው።

በዚያው ሰሞን የሌሎች ሰዎችን አወጣጥ ማንበብ ወደድኩ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወልደው ገና በ15 ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። የማዕድኑ ነገር ቀረ፣ ሥዕሉ በለጠ፤ ኋላ ላይ የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስተዋት የሞሉት እኚያው ናቸው። በዚያ መስተዋት ፊት ስቆም ሁልጊዜ የማስበው ስለ ሥዕሉ አይደለም፤ አገር ድንጋይ ቆፍሮ እንዲያወጣ የላከው ልጅ ቀለም ይዞ ሲመለስ የቤተሰቡን ፊት ነው የማስበው። ፈረንሳዊው ዓንሪ ሩሶ ደግሞ ፓሪስ መግቢያ ላይ ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893፣ በ49 ዓመቱ ሥራውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለሥዕል ሰጠ። ያ ሁሉ ጫካ፣ ያ ሁሉ አንበሳና ግዙፍ ቅጠል የተሣለው ከፈረንሳይ ወጥቶ በማያውቅ ሰው ነው፤ ሞዴሉ የፓሪስ የዕፀዋት ማዕከል ነበር። ሰው በዚህ ይስቃል። እኔ ግን አልሳቅሁም፣ ቀናሁበት። ሩሶ ሲወጣ ጥቂትም ብትሆን ጡረታ ነበረችው። ከጫካው ይልቅ ያቺ ጡረታ ናት ያስቀናችኝ።

በመጨረሻ መልቀቂያ አስገባሁ። የሥራ መልቀቂያ ሁለት መስመር ነው፤ የሚያለፋው ክሊራንሱ ነው። አንዲት ቅጽ ይዞ ከክፍል ክፍል መዞር ነው። ንብረት ክፍል ስቴፕለሩን፣ የሒሳብ ማሽኑን፣ የመሳቢያውን ቁልፍ ይቆጥራል። ቤተ መጻሕፍቱ በእኔ ስም የወጣ መጽሐፍ እንደሌለ ይፈርማል። አይቲ የይለፍ ቃሌን ይዘጋል። የሠራተኞች የብድርና ቁጠባ ማኅበር፣ እድሩ፣ ክበቡ። በየክፍሉ ስቆም ተመሳሳይ ጥያቄ ነው፤ «የት አገኘሽ? ስንት ጨመሩልሽ?» «የትም፤ ልሥል ነው» ስል፣ ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቤተሰብ ደህና ነው?» ይሉኛል። የመዝገብ ቤቱ ሹም ብቻ አልጠየቁኝም። ሽማግሌ ናቸው። ፈርመው ሲጨርሱ፣ «ሥዕል ስትይ የምን ሥዕል?» አሉ። «ዛፍ፣ ቅጠል፣ ወፍ» አልኩ። «ጥሩ ነው። እነሱ አይከሱም» አሉና ማኅተሙን መቱ። ቀለሙ ሐምራዊ ነው። አሁንም ምንም ያህል ብደባልቀው ትክክለኛውን የማላገኘው አንድ ቀለም ቢኖር እሱ ነው።

እናቴ ለአሥራ አምስት ቀን አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ከዚያ አንድ እሑድ ቡና ሲፈላ፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ቅጠሉን ማን ይገዛዋል?» አለች። እኔም ስለ ኤግዚቢሽን፣ ስለ ጋለሪ፣ ስለ ኤምባሲ ደንበኞች አወራኋት። ሁሉን አዳምጣ ሦስተኛውን ስኒ ቀዳችና፣ «ጎመን የሚሸጡ ሴቶችም እኮ ቅጠል ነው የሚሸጡት፤ ግን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የሚወጡት» አለችኝ። ምክር ይሁን ፌዝ እስከ ዛሬ አልለየሁትም፤ ብቻ የምነሣበትን ሰዓት አልለወጥኩም።

መጀመሪያ ላይ ከሁሉ የከበደኝ ዝምታው ነው። ብር ቆጣሪ ማሽን የለም፣ የአሳንሰር ደወል የለም፣ «ያቺን ሪፖርት» የሚል የለም። ጓሮዬ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ረጅም ቆልማማ አፍ ያላቸው ትልልቅ ወፎች እየጮሁ ያርፋሉ፣ ሣሩን እየወጉ ትል ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ያልሰማቸው ሰው የለም፤ አስተውሎ ያያቸው ግን ጥቂት ነው። አገጫቸው ሥር የምትንጠለጠል ቀጭን ቆዳ አለች። ይህችን ቆዳ ለማየት ነው ሰው ሥራውን የሚለቀው ወይ ብዬ ራሴን የጠየቅኩበት ጠዋት አለ። መልስ አልነበረኝም። ደሞዝ የሚገባበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ስልኬ መልእክት ሳይመጣለት ይውላል፤ ያን ቀን እጄ ቀጥ ያለ መስመር አያወጣም ነበር።

ወደ ጉለሌ የዕፀዋት ማዕከል መመላለስ ጀመርኩ። ማዕከሉን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ነው፤ 705 ሄክታር ላይ ያረፈ ነው። እዚያ ነው ኮሶን በወጉ ያየሁት። ኮሶ ወንድና ሴት አለው፤ አንዱ ዛፍ ወንዴ ብቻ፣ ሌላው ሴቴ ብቻ ያብባል። የሴቴዋ ዘለላ ቀላ ያለች፣ ከባድና ቁልቁል የተንጠለጠለች ናት፤ አያቶቻችን ለትል ይጠጡ የነበረው እሷን ነው። እኔ ኮሶን የማውቀው በወሬ ነው፤ «መራራ» ሲባል፣ ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ «ኮሶ የጠጣህ መሰልክ» ሲባል። ዛፉ ሥር ስቆም ግን መራራነቱ የት እንዳለ ጠፋኝ። ቅርፊቱ ቀይ ቡኒ ሆኖ በቁርጥራጭ ይላጣል። ቅጠሉ በግራና በቀኝ ጥንድ ጥንድ ተሰድሮ ጫፉ ላይ አንዱ ብቻውን ይቀራል፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። ከታች ወደ ላይ ሲያዩት ብርሃን በአበባው ዘለላ ውስጥ አልፎ ይወርዳል፣ ጥላው ራሱ ቀላ ይላል። ያንን ጥላ ለመቀባት ያልሞከርኩት ድብልቅ የለም። አረንጓዴ ሣር ላይ ያረፈ ቀይ ጥላ፣ እንዳለ ቢቀቡት ጭቃ ነው የሚሆነው። መጨረሻ ላይ የሠራው ቀዩን መቀባት ትቶ ዙሪያውን ያለውን አረንጓዴ ማቀዝቀዝ ነበር። ይህን የሚነግር መጽሐፍ ይኖር ይሆናል፤ እኔ ያገኘሁት ግን አንገቴ እስኪደርቅ ቀና ብዬ ነው።

አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም የሚባል ቤት አለ። የአገራችን ዕፀዋት ደርቀው፣ ወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ በቁምሳጥን ተሰድረው የሚኖሩበት ነው። ስምንት ቅጽ የሆነው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ ወደ 30 ዓመት የፈጀው ሥራ፣ የተደገፈው በእንዲህ ዓይነቱ ክምችት ነው። እዚያ ገብቼ አንድ ሉህ ሲዘረጋልኝ ልቤ ዘለለ፤ ምክንያቱም የማውቀው ነገር ነው። ፋይል ነው! ጥግ ላይ ትንሽ ወረቀት አለች፤ የት ተገኘ፣ ከፍታው ስንት ነው፣ መቼ፣ ማን ሰበሰበው። ቅጠሉ ግን ቡኒ ነው። ሁሉም ቡኒ ነው። ቢጫውም፣ ቀዩም፣ ሰማያዊውም ከደረቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ይሆናል። ቀለሙ የሚተርፈው ሰብሳቢው በዕለቱ ጽፎት እንደሆነ ነው፤ «አበባው ሰማያዊ» ብሎ። የአያቴ ማሳ ትዝ አለኝ፤ አርፍደን የደረስንበት አረንጓዴ።

ከዚያ ወዲህ የመስክ ደብተሬ የባንክ ሰው ደብተር ሆኗል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የዛፉ ቁመት በግምት፣ ዙሪያው በክንድ፣ የቅጠሉ ፊትና ጀርባ ቀለም ለየብቻ። ሠዓሊ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ «ስሜትሽስ የታለ?» ይላሉ። ስሜቴ እዚያው ረድፉ ውስጥ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ተፈጥሮ ብዙ ስሜት ያላቸው፣ ዛፉ ግን ዝግባ ይሁን ጥድ ያልለዩ ሥዕሎች ይሰለቹኛል። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ጥቁር የግራር ጥላ፣ ሦስት ቀጭኔ። ይሸጣል፣ ምን ይደረግ።

ለመሸጥ ሲባል የተጠየቅኩትንም ልንገራችሁ። አንድ ባንክ፣ የእኔ አይደለም፣ አዲስ ለሠራው ሕንፃ አዳራሽ ትልቅ ሥዕል አዘዘኝ። ቡና ይሁን አሉ፤ ደስ አለኝ። የጫካ ቡና እንዴት በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር እንደሚበቅል፣ ብርሃኑ እንዴት ተቆራርጦ እንደሚወርድበት ንድፍ ሠርቼ ወሰድኩ። የማርኬቲንግ ኃላፊዋ ቆንጆ ነው አለችና፣ «ፍሬው ግን ቀይ ነው፤ የእኛ ቀለም ብርቱካናማ ነው» አለችኝ። ቡና ሲበስል በአረንጓዴና በቀይ መሐል የሚያልፍበት ቢጫማና ብርቱካናማ ሰሞን አለው፤ ያንን አስረዳኋትና ያን ሰሞን ሣልኩት። ሁለታችንም አልዋሸንም። ባገኘሁት ገንዘብ ለብዙ ጊዜ የሚበቃ ቀለምና ሸራ ገዛሁ፤ ዕቃው ሁሉ ከውጭ ስለሚመጣ፣ ዶላር ሲጨምር የእኔ አረንጓዴም አብራ ትጨምራለች።

ባለፈው ዓመት ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወረድኩ። ሠፈሩ ለመልሶ ማልማት ተነሥቷል። ሰፊ መንገድ፣ የእግረኛ ንጣፍ፣ መብራት፣ በረድፍ የተተከሉ ለጋ ዘንባባዎች። ያማረ ነው፤ አያምርም ብል ውሸት ይሆንብኛል፣ ልጆች በብስክሌት እየሄዱበት ነበር። ግቢውን በግምት ፈለግሁት። ከየትኛው የመብራት ምሰሶ አጠገብ እንደነበረ ለመለየት እንኳ ቸገረኝ፤ ምክንያቱም የማስታውሰው መንገዱን ሳይሆን ግንዱ የታጠፈበትን አቅጣጫ ነው። እማማ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚነግረኝ አጣሁ። የአካባቢው ሰው ሁሉ አዲስ ነው።

እዚያ ቆሜ ነው ያቺ ወረቀት ትዝ ያለችኝ። ያ ወይራ በምድር ላይ የቀረው መልኩ አንድ ቦታ ነው ያለው፤ እኔ በለቀቅሁት ባንክ፣ ምድር ቤት፣ በተዘጋ የብድር ፋይል ውስጥ፣ በአንድ የማረጋገጫ ቅጽ ጀርባ። የፊት ገጹ ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና አጥሩን ይዘረዝራል፤ አሁን አንዳቸውም የሉም። የግምቱ ሰነድ የሌለውን ቤት ዋስትና አድርጎ ይዟል፣ ጀርባው ደግሞ ያልተመዘገበውን ዛፍ። ከለቀቅሁ ወዲህ ሸራ ላይ ብዙ ወይራ ሠርቻለሁ፣ የተሸጡም አሉ፤ እንደዚያኛው በእርግጥ አይቼው የሣልኩት ግን የለም። የሚገርመው፣ ያንን የሣልኩት ደሞዝተኛ ሆኜ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤቱ እስክሪብቶ ነው። ንብረትነቱም በሕግ የነሱ ሳይሆን አይቀርም።

የመዝገብ ቤቱ ሹም ጡረታ ወጥተዋል። ለተተኩት ሰው ደውዬ ፋይሉን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ። የደንበኛ ምስጢር ነው አሉኝ፤ ልክ ናቸው፣ እኔም በቦታቸው ብሆን ይህንኑ ነው የምለው። የተዘጋ ፋይል ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ይወገዳል። መቼ እንደሚደርስ አልጠየቅኳቸውም።

የራሴ የቤት ብድር ግን ገና አልተዘጋም። በቅርቡ መረጃ እንዳድስ ተጠርቼ ቅርንጫፉ ሄድኩ። ካውንተሩ ላይ የነበረችው ልጅ እኔ ብድር ክፍል ሳለሁ ሥራ ያለማመድኳት ናት፤ አሁን ኦፊሰር ሆናለች። ተነሥታ ሳመችኝ፣ ወንበር አስመጣችልኝ፣ ወረፋ ላይ ያለው ሰው ገላመጠኝ። እየጠየቀች ትሞላለች፤ አድራሻ፣ ስልክ፣ የትዳር ሁኔታ።

«የሥራ ዓይነት ምን ልበል?»

«ሠዓሊ በይ።»

ኮምፒዩተሩ ላይ ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ላይ ወጣች። «ነጋዴ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ ገበሬ አለ፣ የቤት እመቤት አለ... እርስዎን ገበሬ ልበልዎት ይሆን?» ብላ ሳቀች።

ጎመን ሻጮቹ ትዝ አሉኝ። «ከገበሬ በታች ምን አለ?» አልኳት።

«ሌላ።»

«እሱን ንኪው።»

ነካችው። ከዚያ ኢንጂነር ልኮ ግምቱን ማደስ እንደሚያስፈልግ፣ ዋጋው ስለጨመረ ለእኔም እንደሚበጀኝ ነገረችኝና፣ ግቢው ውስጥ ከቤቱ ሌላ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ከኋላ የተሠራች የቆርቆሮ ክፍል አለች፣ እዚያ ነው የምሠራው አልኩ። ጻፈች። ሌላስ? ሁለት ወይራ፣ አንድ ኮሶ፣ እሱ ገና ትንሽ ነው፣ ወንዴ ይሁን ሴቴ አልታወቀም። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ፤ ቀና ብላ አየችኝና እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ። ማስታወሻ የሚባል ቦታ ታች ላይ አለ፣ ማንም አያነበውም እንጂ ይጻፍበታል አልኳት። እሷም ወረፋውን አንዴ አየች፣ ከዚያ መጻፍ ጀመረች።